ከማጀትና ከቡና ማጠቢያ የሚወጣ ፍሳሽ ወንዝ ሳይደርስ

[የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ዝግ ይላል]

አቅራቢ፦ የዚህ ሳምንት ትምህርታዊ ዝግጅት በካፋ በምትገኘው በቢታ ገነት ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከየቤቱ፣ ከየምግብ ቤቱና በመኸር ወቅት ከእሸት ቡና ማጠቢያ የሚወጣው ቆሻሻ ውኃ፣ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ከመድረሱ በፊት በምን መንገድ ሊጣራ እንደሚችል ያብራራል።

ፍሳሽ ማጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በአዲስ አበባ የሚገኘውን የቃሊቲ ጣቢያ የመሰለ፣ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ፍሳሽ እንዲያጣራ ታስቦ የተሠራ ግዙፍ ተቋም ነው። እንዲህ ያለው ጣቢያ ከየቤቱ የሚነሣ የቧንቧ መስመር፣ የማይቋረጥ ኃይልና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚፈልግ፣ ቤቶች በእንሰትና በቡና መካከል ተራርቀው በሚገኙበት በካፋ ገጠር ሊተከል አይችልም። ይሁን እንጂ ጣቢያው የሚሠራው ሥራ ሲመረመር በመሠረቱ ሦስት ነገር ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ከውኃው ጋር የሚንሳፈፈውን ጠጣር ማዝቀጥ፣ የቀረውን ብስባሽ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን እንዲበሉት ማድረግ፣ ለዚህም በቂ ጊዜ መስጠት ነው።

እነዚህን ሦስት ሥራዎች ጤናማ አፈር ያለ ቧንቧና ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራቸዋል፤ ውኃው በአፈሩ ውስጥ በዝግታ እንዲያልፍ ከተደረገ ማለት ነው። ስለዚህ አድማጮች በዚህ ዝግጅት ደጋግመው የሚሰሙት ነጥብ አንድ ነው፤ ፍሳሽ የሚበክለው ቸኩሎ ወንዝ ሲገባ ነው፣ በአፈርና በተክል ሥር ሲዘገይ ግን ይጣራል።

[አጭር ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ ታዲያ ዛሬ ጠዋት ዕቃ የታጠበበት ውኃ ወዴት ሄደ? ትናንት ልብስ የታጠበበትስ?

በካፋ ገጠር የቆየው ልማድ የማጀት እጣቢ ከጓሮ እንሰት ሥር መድፋት ሲሆን፣ ልማዱ ትክክለኛ መሠረት ያለው መሆኑ በግልጽ ሊነገር ይገባል። እንሰቱ ውኃውን ይጠጣዋል፤ አመድና ፍግ የጠገበው የጓሮ አፈር በጥቃቅን ሕያዋን የተሞላ በመሆኑ በእጣቢው ውስጥ ያለውን የምግብ ትርፍራፊና ሳሙና ይሰባብረዋል። ችግሩ የሚመጣው ጓሮው ሲጠብ፣ ቤቶች ሲቀራረቡና ውኃ በቦኖ ወይም በቧንቧ ደጅ ድረስ ሲደርስ ነው። ውኃ በእንስራ ከምንጭ ይቀዳ በነበረበት ጊዜ ጥቂት እጣቢ ብቻ የነበረው ቤት፣ ውኃው ደጅ ሲደርስለት የሚደፋውም በዚያው ልክ ይበዛል። በዚህ ምክንያት የንጹሕ ውኃ አቅርቦት በተስፋፋ ቁጥር ለፍሳሹም አብሮ ካልታሰበ፣ አንዱ መንደር ያገኘው ጥቅም ከታች ባለው መንደር ላይ ጉዳት ሆኖ ይወርዳል።

ጓሮ ለጠበበው ቤት የሚመከረው የማስረጊያ ጉድጓድ ነው። ማስረጊያ ጉድጓድ ማለት ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ጥልቀቱም አንድ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ከሥር በትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ ደግሞ በጠጠር የሚሞላና እጣቢው በድንጋዮቹ መካከል አልፎ በግድግዳውና በሥሩ በኩል ወደ አፈር እንዲሰርግ የሚያደርግ ጉድጓድ ነው። ይህ ጉድጓድ ቶሎ እንዳይደፈን መጀመሪያ ቅባቱና ትርፍራፊው መቅረት አለበት፤ ለዚህም ሥሩ የተበሳሳ አሮጌ ባልዲ በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ተሞልቶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥና እጣቢው በእርሱ ላይ ይደፋል። ቅባቱ በጭዱ ላይ ይቀራል፤ ጭዱ በየሳምንቱ ይቀየራል፤ የወጣው ጭድ ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ ብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል። በከተማዋ ያሉ ምግብ ቤቶች ከሁሉ ይልቅ ይህን ቢይዙት መልካም ነው፤ የወጥና የጥብስ ቅባት የጉድጓዱን አፈር በጥቂት ወራት ውስጥ ሊደፍነው ይችላልና።

አፈሩ ውኃ የሚያሰርግ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ማንኛውም ቤተሰብ ሊሞክረው የሚችል ቀላል ዘዴ አለ። ጉድጓዱ ሊቆፈር በታሰበበት ቦታ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውኃ ተሞልቶ ያድራል፤ በማግስቱ ማለዳ አንድ ስንዝር ያህል ውኃ ይጨመርበትና ይጠበቃል። ውኃው እስከ ማምሻው ሰርጎ ካለቀ ቦታው ይሆናል። ንቅንቅ ሳይል ከዋለ አፈሩ ድፍን ነው፤ ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጭልጥ ብሎ ከጠፋም ደስ ሊያሰኝ አይገባም፤ ውኃው በአፈሩ ውስጥ ሳይዘገይ በስንጥቅ ወይም በኮረት በኩል ማለፉን ያመለክታል፤ ሳይዘገይ ያለፈ ፍሳሽ ደግሞ አልተጣራም።

ስለ መጸዳጃ ቤት ብዙ ተብሏል፤ መንግሥት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ባስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ውስጥም የደረቅና የፍሳሽ ቆሻሻ አወጋገድ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ሲሰጥ ቆይቷል። እዚህ ላይ የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የገላና የልብስ እጣቢ በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ መደፋት የለበትም። ደረቅ ሆኖ የሚቆይ ጉድጓድ ሽታውም ዝንቡም አነስተኛ ነው፤ ውኃ ሲገባበት ግን ትንኝ ይራባበታል፣ ቶሎ ይሞላል፣ የበሽታ ተሕዋስያንም ከውኃው ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ። እጣቢ ለብቻው፣ ዓይነ ምድር ለብቻው።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ አድማጮች ልብ እንዲሉት የሚፈለግ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ዝናብ ነው። ስለ ማስረጊያ ጉድጓድና ስለ መጸዳጃ ቤት የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ ለመላው አገሪቱ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ ካፋ ግን ከዓመቱ ወራት በብዙዎቹ ዝናብ የሚያገኝ አካባቢ ነው። በየካቲት ወር ሲቆፈር ደረቅ ሆኖ የተገኘ ጉድጓድ በነሐሴ ከሥሩ ውኃ ሊያመነጭ ይችላል፤ ይህም ማለት የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ብሎ ፍሳሹን ነክቶታል ማለት ነው። የጉድጓዱ ሥር ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት እንዳለበት ሲመከር፣ ልኬቱ በካፋ መታሰብ ያለበት በክረምቱ አፍላ እንጂ በበጋ አይደለም።

ስለዚህ ረግረግ አቅራቢያ ወይም ቁልቁለት ሥር ለሚኖር ቤተሰብ ጥልቅ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ ረዘም ያለ፣ ጥልቀቱ ከጉልበት የማይበልጥ ቦይ ቆፍሮ በጠጠር መሙላትና በሁለቱም ጠርዝ ሙዝ፣ እንሰትና ጎደሬ መትከል የተሻለ ይሆናል። ጎደሬ እርጥበት ይወዳል፤ ሙዝም እንሰትም በሰፊ ቅጠላቸው ብዙ ውኃ ወደ አየር ያተናሉ። በአንጻሩ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ካሮት የመሳሰሉ ጥሬያቸውን የሚበሉ አትክልቶችን እጣቢ ማጠጣት አይገባም፤ በእጣቢው ያለ ተሕዋስ ሳይበስል ወደ ሰው አፍ ሊመለስ ይችላልና።

ርቀትስ ምን ያህል ይሁን? መጸዳጃ ቤትም ሆነ ማስረጊያ ጉድጓድ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና ከምንጩ በታች በኩል መሆን አለበት። ነጥቡ ይደገም፤ 30 ሜትር፣ ያውም በታች በኩል። ምንጭ ከጎለበተ በኋላ ከበላዩ በኩል አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ካለ፣ በምንጩ የሚጠቀሙ ሁሉ የመጸዳጃ ቤቱ ቦታ ሳይቆፈር አስቀድመው ቢነጋገሩበት ይበጃል፤ ከተቆፈረ በኋላ የሚነሣው ክርክር ጎረቤትን ያጣላል እንጂ ውኃውን አያጠራም።

[ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ 10 ሰከንድ፤ ዝግ ይላል]

አቅራቢ፦ እስካሁን የተነገረው ከቤት ስለሚወጣው ውኃ ነበር። በቡና አብቃይ አካባቢ ግን ከሁሉ የከበደው ፍሳሽ ከማጀት አይወጣም። ከወዴት ይወጣል? ከእሸት ቡና ማጠቢያ።

በካፋ ሕዝብ ዘንድ ለዘመናት የኖረው አሠራር ቡናን ከነገለፈቱ አድርቆ ጀንፈል ማድረግ ሲሆን፣ ጀንፈል ውኃ ስለማይፈልግ ፍሳሽ የለውም። የታጠበ ቡና ግን በገበያ የተለየ ተፈላጊነት ስላለው የማጠቢያ ጣቢያዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና አብቃይ ወረዳዎች ተስፋፍተዋል። በማጠቢያው ቀይ እሸት ቡና ይፈለፈላል፣ ፍሬው በማብላያ ገንዳ ገብቶ የሸፈነው ዝልግልግ እስኪለቅ ድረስ ይብላላል፣ ከዚያም ታጥቦ ወደ ማድረቂያ አልጋ ይወጣል። በዚህ ሁሉ የሚያልፈው ውኃ ከገለፈቱና ከዝልግልጉ ስኳር ይዞ ይወጣል።

ስኳር ብክለት ሊሆን እንዴት ይችላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በእሸት ቡና ፍሳሽ ውስጥ ዋናው ችግር መርዝ አይደለም። ወንዝ ውስጥ የገባውን ስኳር ጥቃቅን ሕያዋን እየተሻሙ ይበሉታል፤ ሲበሉም በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፤ ኦክስጅን ያለቀበት ውኃ ይጠቁራል፣ ይከረፋል፣ በውስጡ የሚኖረውም ይሞታል። የጉዳዩ ክብደት በአንድ ምሳሌ ሊታይ ይችላል። በአንድ ሊትር ንጹሕ የወንዝ ውኃ ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን 8 ሚሊግራም ያህል ነው። ያልተጣራ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ግን በየሊትሩ ሺዎች ሚሊግራም ኦክስጅን ሊፈልግ ይችላል፤ 4 ሺህ ነው ቢባል፣ አንድ ሊትር ፍሳሽ የ500 ሊትር ንጹሕ ውኃ ኦክስጅን ይጨርሳል። 500 ሊትር ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 25 ጊዜ ተቀድቶ ነው። አንድ ሊትር ፍሳሽ፣ 25 ጀሪካን ወንዝ።

ይህ የሚደርሰው ደግሞ ወንዙ በሚጎድልበት ጊዜ ነው። እሸት ቡና በስፋት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ክረምቱ አልፎ ዝናቡ የሚቀንሰውና ጅረቶች የሚሳሱትም በዚያው ወቅት ነው። በነሐሴ ሙላት ቢሆን ተበርዞ ሊያልፍ የሚችለው ፍሳሽ በኅዳር ቀጭን ጅረት ላይ ሲወርድ የሚበርዘው አያገኝም።

በ2000 ዓ.ም. በታተመና በጅማ አካባቢ በተደረገ አንድ ጥናት፣ ከቡና ማጠቢያዎች አጠገብ የሚኖሩና የወንዙን ውኃ የሚጠቀሙ ሰዎች ራስ የማዞርና የመስከር ስሜት፣ የዓይንና የቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ሕመምና የመተንፈስ ችግር እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ቡናውን የሚለቅሙና የሚያቀርቡ ገበሬዎችና ቤተሰቦቻቸው መሆናቸው ሲታሰብ፣ ጉዳዩ ከአካባቢ ጥበቃ በላይ የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ መፍትሔው ምንድን ነው? መጀመሪያ ውኃ መቆጠብ፤ ማጣራት ቀጥሎ ይመጣል። በድሮው ፈልፋይ ውኃው አንድ ጊዜ አገልግሎ ከሄደ ለአንድ ኪሎ እሸት እስከ 20 ሊትር ሊፈጅ የሚችል ሲሆን፣ ውኃ በሚቆጥቡ ፈልፋዮች ከአንድ ሊትር ብዙም በማይበልጥ ውኃ መሥራት ይቻላል። በጅማ ዞን በጎማ ወረዳ፣ በአጋሮ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቴክኖሰርቭ በተባለው ድርጅት እገዛ እንዲህ ያሉ አነስተኛ ፈልፋዮችን ተክለው፣ ቡናቸው በውጭ ገበያ ስም እስከማውጣት ደርሷል። ውኃ መቆጠብ ጥራትን እንደማይጎዳ ለሚጠራጠር ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ሁለተኛው ገለፈቱን ከውኃ መለየት ነው። ገለፈት ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ገደማ ስለሚሆን፣ በቦይ እየታጠበ ከሚወሰድ ይልቅ በወንፊት ተለይቶ፣ ከወንዝ ርቆ፣ ዝናብ እንዳያጥበው ተከድኖ ቢከመር በወራት ውስጥ ለቡናው ማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ሳይከደን ወንዝ ዳር የተከመረ ገለፈት ግን ማጠቢያው ከተዘጋ በኋላም በእያንዳንዱ ዝናብ እየተንጠባጠበ መበከሉን ይቀጥላል።

ሦስተኛው ኩሬ ነው፤ እዚህ ላይ ዘርዘር ማለት ያስፈልጋል። ፍሳሹ በመጀመሪያው ኩሬ ውስጥ ሲቆይ ስኳሩ ወደ ኮምጣጣ አሲድ ይለወጣል፤ ውኃው ሲኮመጥጥ ዝልግልጉ ይረጋና ወደ ላይ ተንሳፍፎ ወፍራም ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ አስቀያሚ ስለሚመስል አንዳንድ ሠራተኞች እየሰበሩ ከውኃው ጋር መልሰው ያማስሉታል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ቅርፊቱ ራሱ ከፍሳሹ የወጣው ቆሻሻ በመሆኑ ተገፍፎ ከገለፈቱ ጋር መከመር አለበት። ከሥሩ ያለው የኮመጠጠ ውኃ ወደ ሁለተኛው ኩሬ ሲያልፍ ኖራ ይጨመርበታል። በደቡብ ምዕራብ ያሉ ገበሬዎች ኖራን የኮመጠጠ መሬት ለማከም ያውቁታል፤ ሥራው እዚህም ያው ነው፣ ኮምጣጣነቱን ይሰብረዋል። በጣም ኮምጣጣ በሆነ ውኃ ውስጥ ብስባሽ የሚበሉት ጥቃቅን ሕያዋን ስለሚዳከሙ፣ ኖራ ያልገባበት ፍሳሽ ለሣሩም ለአፈሩም ይከብዳል።

አራተኛው ሣሩ ነው። ከኩሬው የወጣው ውኃ ቬቲቨር ሣር በረድፍ በተተከለበት፣ ቀለል ያለ ተዳፋት ባለው መሬት ላይ ተበትኖ በዝግታ እንዲወርድ ይደረጋል። የቬቲቨር ሥር ወደ ጎን ሳይዛመት ቀጥ ብሎ እስከ ሦስት ሜትር ሊወርድ ስለሚችል፣ ውኃው ሥሩን ተከትሎ ወደ አፈር ይገባል፤ ጥቅጥቅ ያለው ግንዱም ዝቃጩን ያስቀራል። ሣሩ በጅማና በኢሉባቦር ለአፈር ጥበቃ ሲያገለግል የቆየ በመሆኑ ችግኙ ሩቅ አገር አይፈለግም። ተዳፋቱ ከወንዙ በቂ ርቀት ከሌለው ግን ሣር መትከሉ ብቻውን አያድንም፤ ፍሳሽ የሚበክለው ቸኩሎ ወንዝ ሲገባ ነው የተባለው እዚህም ይሠራል።

በካፋ ተፈጥሮ ራሷ ይህን ሥራ ስትሠራ ማየት ለሚፈልግ የአለምጎኖ ረግረግ አለ። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ውስጥ እንዲህ ያሉ ረግረጎች ከደኑ ጋር እኩል ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው፤ ረግረግ ውኃውን ያዘገያል፣ ደለሉን ያስቀራል። ይህ ሲባል ግን ፍሳሽን በቀጥታ ወደ ተፈጥሮ ረግረግ መልቀቅ ይፈቀዳል ማለት አይደለም።

[የሚፈስ ጅረት ድምፅ፤ 5 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ ወንዝ መበከሉን ለማወቅ ላቦራቶሪ የግድ ነውን? ብዙ ጊዜ አይደለም። ከማጠቢያው በላይ ባለው ጅረት ውስጥ አንድ ድንጋይ ቢገለበጥ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ አካልና ሦስት ቀጫጭን የጭራ ክሮች ያሏቸው፣ ድንጋዩን ተጣብቀው የሚሮጡ የነፍሳት እጮች ይታያሉ፤ እነዚህ ብዙ ኦክስጅን ካላገኙ አይኖሩም። ከማጠቢያው በታች ተመሳሳይ ድንጋይ ሲገለበጥ እጮቹ ጠፍተው፣ በምትካቸው ሻጋታ የመሰለ ነጭ ክርና ደም የመሰሉ ቀያይ ትሎች ከተገኙ ኦክስጅኑ አልቋል ማለት ነው። ትሎቹ የቀሉት በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን አጥብቆ የሚይዝ ንጥረ ነገር ስላላቸው ነው፤ ስለዚህ ሌላው በሚሞትበት ውኃ እነርሱ ይተርፋሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በአካባቢያቸው ያሉ ወንዞችን ሲያጠኑ ከተጠቀሙባቸው መመዘኛዎች አንዱ ይኸው የነፍሳት ቆጠራ ነበር። በቢታ ገነት ያሉ የሳይንስ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ከመኸሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ በመኸሩ መካከል አንድ ጊዜ ድንጋይ ገልብጠው ያዩትን ቢመዘግቡ፣ ወረዳው ዛሬ በእጁ ሊኖረው የሚገባ መረጃ ያገኛል።

ሕጉም ዝም አላለም። የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ያልተጣራ ፍሳሽን ወደ ውኃ አካላት መልቀቅን ከልክሎ ነበር፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይደነግጋል፤ ከሁለቱም በላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን አረጋግጧል።

ሥራው ግን በወቅቱ ካልተጀመረ ሕጉ ብቻውን አያደርሰውም። ቬቲቨር ሥር እንዲይዝ በሰኔ መተከል አለበት፤ ኩሬዎቹ በመስከረም መጠረግ አለባቸው፤ ኖራው የመጀመሪያው እሸት ከመድረሱ በፊት መጋዘን መግባት አለበት። ቁጥጥሩም ሰዓቱን መምረጥ ይኖርበታል። እሸት ቡና ሲለቀም ውሎ ጣቢያ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ፈልፋዩ የሚሠራው ከምሽት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ከቢሮ ሰዓት ሳይወጣ ወንዙን የሚጎበኝ ባለሙያ ከፍሳሹ የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከቀበሌው የውኃ ኮሚቴ ሁለት ሰዎች ማታ በሦስት ሰዓት፣ ማለዳም በአሥራ ሁለት ሰዓት ከኩሬው መውጫ ላይ ቢገኙ፣ ውኃው በሣሩ መካከል እየሰረገ መሆኑን ወይም በጎን በተቀደደ ቦይ ወደ ጅረቱ እየወረደ መሆኑን በባትሪ መብራት ሊያዩት ይችላሉ።

[የመለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ይዘጋል]